መስማት የተሳናቸውንና የሚሰሙ ሕፃናትን በአንድ ክፍል የምልክት ቋንቋ ማስተማር፦ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና ለወላጆች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

መስማት የተሳነው ልጅ የመዋዕለ ሕፃናትን ደጅ ሲረግጥ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ሞልቶታል። ወላጆቹም ወንድሞቹና እኅቶቹም የሚሰሙ ከሆኑ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተሰቡ ከፈጠራቸው ጥቂት የቤት ምልክቶች በቀር ሙሉ ቋንቋ በዐይኑ አላየም። አጠገቡ የሚቀመጠው የሚሰማ እኩያው ግን በዚያው ዕድሜ ትናንት የሆነውን ይተርካል፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ያኮርፋል፣ ማኩረፉንም በቃል ያስረዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአእምሮ ሳይሆን የቋንቋ ዕድል ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ክፍል የምልክት ቋንቋ ስናስተምር የምንሰጣቸው ነገር አንድ አይደለም፤ ለመጀመሪያው ልጅ የሚያስብበትን ቋንቋ እየሰጠነው ሲሆን፣ ለሁለተኛው ባለው ላይ ሌላ ቋንቋ እየጨመርንለት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህን ልዩነት ሳይዘነጋ ሁለቱንም አብሮ ለመያዝ የሚረዳ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ የትኛውን የምልክት ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ይወስኑ። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ልጅ መልሱ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ይህን ግልጽ ነገር ማንሳት ያስፈለገው ብዙ ቅን መምህራንና ወላጆች ከዩቲዩብ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ እየቀዱ ስለሚያስተምሩ ነው። የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም። ልጁ ነገ ከሚያገኛቸው መስማት የተሳናቸው ጎልማሶች፣ ከአስተርጓሚውና ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የሚያግባባው የአገሩ ምልክት ቋንቋ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ልጃቸውን በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች መማር ያለባቸው ልጃቸው በትምህርት ቤት የሚጠቀምበትን የዚያን አገር የምልክት ቋንቋ ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት መስማት የተሳነው ጎልማሳ ወደ ክፍሉ ማምጣት ነው። የሚሰማ መምህር ምንም ያህል ቢተጋ ቋንቋውን የሚያስተምረው እንደ ተማሪ ነው። መስማት የተሳነው ጎልማሳ ግን ቋንቋውን ሲኖርበት ይታያል፤ ሲቆጣ፣ ሲቀልድ፣ ሲያመነታ እጁና ፊቱ ምን እንደሚሆኑ ሕፃናቱ ያያሉ። ከዚህም በላይ፣ ራሱን የሚመስል ትልቅ ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ በዚህ ሰው አማካይነት የራሱን ጉልምስና ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን መጠየቅ ይቻላል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና በመስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ደረጃ ሲያሠለጥን ቆይቷል። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢመጣ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ግን ሥራ ነውና ሊከፈልበት ይገባል፤ በነጻ አገልግሎት ስም ጊዜውን መውሰድ ተገቢ አይመስለኝም።

ርእሰ መምህሩን ወይም የወላጆች ኮሚቴውን ማሳመን ካስፈለገ ሕጉን መጥቀስ ይቻላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24ም መንግሥታት የምልክት ቋንቋ መማርን እንዲያመቻቹና መስማት የተሳናቸውን ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት እንዲያስከብሩ ግዴታ ይጥላል።

ክፍሉን ለዐይን ማሰናዳት

ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያድርጓቸው። በረድፍ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የፊተኛውን ጭንቅላት ነው፤ ጓደኛው ምልክት ሲያሳይ የማያይ ልጅ ደግሞ ውይይቱ አምልጦታል። እርስዎ መስኮቱን ጀርባዎ አድርገው አይቁሙ፣ ብርሃኑ ከኋላዎ ሲመጣ ፊትዎ ጥቁር ጥላ ይሆናልና። አለባበስዎ አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ ከእጅዎ ቆዳ ቀለም የሚለይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥልፍ የበዛበት ወይም ዥጉርጉር ልብስ ጣቶችን ይውጣቸዋል። ከሕፃናቱ ጋር ሲሆኑ ዝቅ ብለው በበርጩማ ወይም በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፊትዎን ከፊታቸው ጋር ያስተካክሉ።

ደረጃ 1፦ ዐይንን መጥራት

ከማንኛውም ምልክት በፊት የሚማሩት መተያየትን ነው። የሚሰማ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ እየተጫወተ እንኳ ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ካላየዎት የነገሩት ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ ወድቋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሙሉ ክፍሉን በማሠልጠን ያሳልፉ። ትከሻን በመዳፍ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ መንካት፣ በልጁ የእይታ ዳር እጅ ማወዛወዝ፣ የጋራ ጠረጴዛን መታ መታ ማድረግ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመጥራት መብራት ማጥፋትና ማብራት የታወቁ መንገዶች ናቸው። ወለሉ ጣውላ ከሆነ በእግር መምታትም ይሠራል፤ ሲሚንቶ ከሆነ ግን ንዝረቱ አይተላለፍም።

ሁለት ነገሮች ፈጽሞ መደረግ የለባቸውም። አንደኛው የልጁን አገጭ ይዞ ፊቱን ማዞር ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች በቅንነት ያደርጉታል፤ ለልጁ ግን ያው መገደድ ነውና ዐይኑን ወደ መሸሽ ይመራዋል። ሁለተኛው ዕቃ መወርወር ነው፤ የሚሰሙት ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዱታልና ገና ከጅምሩ ይከልክሉት። ልጁ ዐይኑን ሲያነሣልዎ ደግሞ ወዲያው ፈገግታና የሚረባ ነገር ያግኝ። ዐይኑን አንሥቶ የሚያገኘው ሁልጊዜ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ማንሣቱን ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች

የእንስሳትና የቀለማት ዝርዝር ይዞ መጀመር የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም። ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው ስለሚፈልገው ነገር ሲሆን ነው። «ውሃ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «ጨምርልኝ»፣ «በቃኝ»፣ «ያመኛል»፣ «የእኔ ነው»፣ «ተራዬ ነው»፣ «እማዬ መቼ ትመጣለች» የሚሉት ከ«ዝሆን» እጅግ ይቀድማሉ። በሳምንት አምስት ወይም ስድስት አዳዲስ ምልክቶች በቂ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በቀን ውስጥ ደጋግመው፣ በእውነተኛ ቦታቸው ይምጡ። የምሳ ዕቃ የሚከፈትበት ሰዓት ከሁሉ የተሻለ የትምህርት ሰዓት ነው።

አቀራረቡ ይህን ቅደም ተከተል ይከተል፦ የልጁን ዐይን ይጠብቁ፤ ምልክቱን ያሳዩ፤ እጅዎን ያሳርፉ፤ ወደ ዕቃው ይጠቁሙና ልጁ አይቶ እስኪመለስ ይታገሡ፤ ከዚያም ምልክቱን ይድገሙ። ዕቃውን በግራ እጅ እያወዛወዙ በቀኝ እጅ ምልክት ማሳየት የልጁን ዐይን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዐይን ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይሆንም። በጣም ትናንሽ ለሆኑት ዕቃውን ከፊትዎ አጠገብ ይያዙት፣ ወይም ምልክቱን ዕቃው ባለበት አካባቢ ዝቅ አድርገው ያሳዩት።

የልጁ ምልክት መጀመሪያ ላይ ጎደሎ ይሆናል። ትንሽ አፍ እንደሚኮላተፍ ትንሽ እጅም ይኮላተፋል። ሎራ አን ፔቲቶና ፓውላ ማረንቴት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ የምልክት ቋንቋ እያዩ የሚያድጉ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት፣ የሚሰሙት «ባባ፣ ዳዳ» እያሉ አፋቸውን እንደሚያፍታቱ ሁሉ፣ በእጃቸው እየተኮላተፉ እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ጭብጥ፣ የተዘረጋ መዳፍና ጠቋሚ ጣት ቀድመው ይመጣሉ፤ የጣቶችን መቆላለፍ ወይም ሁለቱ እጆች የተለያየ ቅርጽ እንዲይዙ የሚጠይቁ ምልክቶች ዘግይተው ይስተካከላሉ። ስለዚህ ልጁን «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልግም። የተናገረውን ተቀብለው፣ በመልስዎ ውስጥ ትክክለኛውን ቅርጽ አጥርተው ያሳዩት። ጣቶቹን ይዘው ማስተካከል የሚገባው እሱ ራሱ እጁን ሲሰጥዎ ብቻ ነው። ግራኝ ልጅም በግራ እጁ ይናገር፤ ቀኝ እጁን እንዲጠቀም ማስገደድ አይገባም።

ደረጃ 3፦ የምልክት ስም

መስማት በተሳናቸው ማኅበረሰብ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ከፊደል ስሙ ሌላ የምልክት ስም አለው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ፣ የሚሰሙትም መምህሯም ጭምር፣ በመጀመሪያው ወር የምልክት ስም ይውጣላቸው። ስሙን ማውጣት የሚገባው መስማት የተሳነው ጎልማሳ ነው፤ ልጆቹን ለጥቂት ቀናት ካስተዋለ በኋላ ከሳቃቸው፣ ከጸጉራቸው አሠራር ወይም ከሚወዱት ነገር ተነሥቶ ይሰይማቸዋል። ጠባሳን ወይም የአካል ጉድለትን የሚያነሣ ስም በጎልማሶች ዘንድ ያለ ቅሬታ ሊለመድ ይችላል፤ ለሕፃን ግን ልጁም ቤተሰቡም የሚደሰቱበት ስም እንዲመረጥ እለምናለሁ። ስም ከወጣ በኋላ የጠዋቱ የስም ጥሪ በምልክት ብቻ ይሁን።

ደረጃ 4፦ በጨዋታ የፊትን ሰዋስው ማስለመድ

የምልክት ቋንቋ የእጅ ብቻ አይደለም። የእጅ ቅርጽ፣ እጁ የሚያርፍበት ቦታ፣ እንቅስቃሴው፣ የመዳፉ አቅጣጫና የፊት ገጽታ አንድ ላይ ሆነው ትርጉም ይሰጣሉ፤ ጥያቄን ከዐረፍተ ነገር፣ አዎንታን ከአሉታ የሚለየው ብዙ ጊዜ ፊት ነው። የሚሰሙ ልጆች ፊታቸውን ሳያንቀሳቅሱ እጃቸውን ብቻ የማወዛወዝ ልማድ አላቸው፤ ይህን የሚያርመው ገለጻ ሳይሆን ጨዋታ ነው።

«መሐረቤን ያያችሁ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ልጆቹ በክብ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። መሐረብ የያዘው ልጅ እየዞረ በዜማ ይጠይቅ የነበረውን በምልክት፣ በጠያቂ ፊት ይጠይቃል፤ የተቀመጡት «አላየንም» ብለው እጃቸውንና ጭንቅላታቸውን ተጠቅመው ይመልሳሉ። ጥያቄና አሉታ በአንድ ጨዋታ ሃያ ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ማንም ሰዋስው እየተማረ እንደሆነ አይታወቀውም።

«ኩኩሉ» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ጨዋታው በድምፅ ላይ የቆመ ነውና። ዐይኑን ጨፍኖ ግድግዳ ላይ የተደፋው ልጅ «ኩኩሉ» ሲል የተደበቁት «አልነጋም» ወይም «ነጋ» ብለው ካልመለሱለት መቼ እንደሚነሣ አያውቅም። መስማት የተሳነው ልጅ ፈላጊ ሲሆን አንድ ልጅ አጠገቡ ይቁምና፣ ሲነጋ ትከሻውን ሁለት ጊዜ ይንካው። ተደባቂ ሲሆን ደግሞ ከሚሰማ ጓደኛ ጋር ጥንድ ሆነው ይደበቁ፤ ጥያቄው ሲመጣ ጓደኛው በምልክት ይንገረው፣ መልሱንም ሁለቱ ይወስኑ። ይህን ሳናስተካክል ቀርተን፣ ጨዋታው አልቆ ሁሉም ወደ ክፍል ከገባ በኋላ አንድ ልጅ ከዛፍ ሥር ተደብቆ ሲጠብቅ ያገኘሁበት ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ስለዚህ ማንኛውንም ጨዋታ ከማስጀመርዎ በፊት «በዚህ ጨዋታ ውስጥ ድምፅ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? በምንስ ይተካል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

በ«ዕቃ ዕቃ» ጨዋታ ቡና ማፍላትም ተከታታይ ድርጊትን ለመተረክ ይጠቅማል። መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ በሲኒ መቅዳት ልጆቹ ከቤታቸው በሚገባ የሚያውቁት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ መስማት የተሳነውም የሚሰማውም እኩል ባለዕውቀት ሆነው ይጫወቱታል።

ደረጃ 5፦ መጽሐፍ በምልክት ማንበብ

አንዲት የአምስት ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። የአህያ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዤላት ቁጭ አልኩና፣ እሷ የአህያዋን ጆሮዎች ስታይ እኔ ምልክት ማሳየት ጀመርኩ። ዐይኗን ስታነሣ እጆቼ ሥራቸውን ጨርሰው ጭኔ ላይ ነበሩ። ገጹን ገለጥኩ፤ እንደገና እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን በእጇ ዘጋችው። በማግሥቱ ከጎኗ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ወደ እሷ አቁሜ ያዝኩና ምንም ሳልናገር ጠበቅሁ። ሥዕሉን አይታ ስትጠግብ ዐይኗን አነሣች። ያን ጊዜ «አህያዋ ደክሟታል» አልኳት። ወደ ሥዕሉ ተመለሰች፣ የአህያዋን የተዘነበለ አንገት በጣቷ ነካች፣ ከዚያ ትከሻዋን ጥላ «ደክሟታል» ብላ ራሷ መለሰችልኝ።

አሠራሩ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ሥዕል፣ ከዚያ ዐይን፣ ከዚያ ምልክት፣ ከዚያ እንደገና ሥዕል። ለሚሰሙ ልጆች እያነበቡ ከለመዱት ፍጥነት በሦስት እጥፍ ያህል እንደሚዘገዩ ዐውቀው ይጀምሩ፤ በአንድ ቀን መጽሐፉን መጨረስም ግዴታ አይደለም።

ደረጃ 6፦ የጣት ፊደል

የኢትዮጵያ የጣት ፊደል በግዕዙ ሥርዓት ላይ የተሠራ ነው። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያመለክታል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ከሰባቱ ቤቶች የትኛው እንደሆነ ይለያል። በዚህ ምክንያት ገበታው ላይ ያለው «በ፣ ቡ፣ ቢ» በአየር ላይም በዚያው ሥርዓት ይነበባል፤ ይህም ለንባብ ትልቅ ድልድይ ነው። ነገር ግን ከዚህ አይጀምሩ። ፊደል ቋንቋ ያለው ሰው የሚጽፍበት መሣሪያ እንጂ ቋንቋው ራሱ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልጆቹ የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ ብቻ ይዩ፤ መጀመሪያ እንደ አንድ ሙሉ እንቅስቃሴ ይይዙታል፣ ቆይተው ይለያዩታል። ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል ሲመጣ በሰንሰለት ያያይዙት፦ ምልክቱ፣ ሥዕሉ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቃል፣ የጣት ፊደሉ፣ እንደገና ምልክቱ።

የሚሰሙት ልጆችና ድምፃቸው

የሚሰሙ ልጆች እየተናገሩ ምልክት ማሳየት ይቀናቸዋል፤ ትልልቆቹም እንደዚያው ነን። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን አብረው አይሄዱም። በአማርኛ «አልመጣችም» ስንል አንዲት ቃል ማን እንደሆነች፣ ድርጊቱን፣ ጊዜውንና አሉታውን ትሸከማለች፤ በምልክት ቋንቋ እነዚያ በእጅ፣ በጠቋሚ፣ በዐይንና በጭንቅላት ተከፋፍለው ይቀርባሉ። አፍ ሲቀድም እጅ ይንጠባጠባል፤ መስማት ለተሳነው ልጅ የሚደርሰውም የተበጣጠሰ ነገር ይሆናል። መፍትሔው በየቀኑ ድምፅ የማይሰማበት ጊዜ መመደብ ነው። በአሥር ደቂቃ ጀምረው ወደ ሠላሳ ያሳድጉት፤ በዚያ ጊዜ መምህሯም የጎረቤት ክፍል መምህርት መጥታ ብትጠራት እንኳ በምልክት ትመልስ።

ፈጣን የሆነውን የሚሰማ ልጅ የክፍሉ አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጁ ይኮራበታል፣ መምህሩም ይቀልለዋል፤ ውሎ አድሮ ግን መስማት የተሳነው ልጅ በጓደኛ ፈንታ ሞግዚት ይተርፈዋል። ሲጣሉ ራሳቸው በምልክት ይጨቃጨቁ፤ እርስዎ የሚገቡት ቃል ሲያጥራቸው ቃሉን ለማቀበል ነው።

ቤተሰብ

አብዛኛው ቋንቋ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ለወላጆች ይመድቡ። እናት ብቻዋን እንዳትመጣ፣ አባትም አያትም ታላላቅ ልጆችም እንዲገኙ አጥብቀው ይጠይቁ። የሳምንቱን ምልክቶች መስማት የተሳነው ጎልማሳ ሲያሳያቸው በስልክ ቀርጸው በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ይላኩ። ቤተሰቡ የፈጠራቸውን የቤት ምልክቶች አይንቀፉ፤ እነሱ የልጁ የመጀመሪያ መግባቢያዎች ነበሩና፣ ትክክለኛውን ምልክት አጠገባቸው ያስቀምጡላቸው።

ወላጆች ሁልጊዜ የሚያነሡት ሥጋት «ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚል ነው። በግልጽ ይመልሱላቸው፤ የምልክት ቋንቋ ንግግርን አያግድም፣ የማዳመጫ መሣሪያ ያለው ልጅም መሣሪያውን እያደረገ ምልክት መማር ይችላል። ቋንቋ በሕፃንነት ሳይያዝ መቅረቱ ግን በኋላ በቀላሉ የማይካካስ ጉዳት ነው። በዚህ አጋጣሚ ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ካለ ለሕክምና እንዲወሰድ፣ ማጅራት ገትር አልፎበት መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ ዐይኑም እንዲመረመርለት ያሳስቡ፤ በዐይኑ የሚማር ልጅ ዐይኑ ደህና መሆኑን ማረጋገጥ የትምህርቱ አካል ነው።

መከታተልና ማስረከብ

ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይኑርዎት። የምልክቶችን ብዛት ብቻ አይቁጠሩ። መቼ ሁለት ምልክት አገናኘ? መቼ ራሱ ጥያቄ ጠየቀ? መቼ በክፍሉ ውስጥ ስለሌለ ነገር፣ ስለ ትናንት ወይም ስለ ቤቱ ነገረዎት? የሚሰማው ልጅስ መምህር ሳያዘው ወደ ጓደኛው ሄዶ አወራ? እነዚህን ከነቀናቸው ይጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ አንዱም ያልታየበት ልጅ ካለ፣ ጥፋቱን በልጁ ላይ ከማድረግዎ በፊት በቀን ስንት ደቂቃ የሚገባውን ቋንቋ እንዳየ ያስሉ።

ልጁ ወደ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ ደብተሩ አብሮት ይሂድ። የሚያውቃቸው ምልክቶች፣ የሚመቸው የመቀመጫ ቦታ፣ ትኩረቱ በምን እንደሚጠራ፣ አጭር ቪዲዮም ይጨመርበት። የምልክት ስሙ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተሥሎና ተብራርቶ ይቀመጥ፤ አዲሱ መምህር በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ልጁን በስሙ እንዲጠራው።